ብራዚል ስልክ መደወል ለቸገራችሁ የጎንደር ሰዎች

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይህን የምጽፈው ፖርቱጋልኛ እየተረጎመ ብራዚል የደወለልንን አንድ ሰው ለማመስገን ነው። «ስሜንም ስልኬንም እንዳትጽፊ» ስላለኝ አልጽፍም። ሱቁን ብጠቁም ግን አይከፋውም። ከፒያሳ ወደ ጃንተከል ስትሄዱ በግራ በኩል ያለች ጠባብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። በሯ ላይ ሰማያዊ ሸራ አለ።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ስልኩ አልሠራ አለ። በማግስቱ በ+55 11 የሚጀምር የማናውቀው ቁጥር ደወለልን። አንዲት ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ታወራለች። በእንግሊዝኛ ስመልስላት ዝም ትልና ያንኑ ትደግመዋለች። የወንድሜን ስም ሰማሁ። «ኦስፒታል» የሚል ሰማሁ። ከዚያ «ሱስ»፣ ደግሞ «ሱስ»። ስልኩ ተቋረጠ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። «ሱስ ነው ያለችው?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

መጀመሪያ «ስፓኒሽ እችላለሁ፣ ያው አንድ ነው» ያለ ሰው አስደወልን። ከፈልነው። «ደህና ነው፣ በዚህ ጠይቁ» ብሎ አንድ ቁጥር ጽፎልን ሄደ። ቁጥሩ አይሠራም።

ይሄን የማመሰግነውን ሰው የነገረችን ጎረቤታችን ናት። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ፣ ብራስ በሚባለው የልብስ ገበያ ሠፈር ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስንገባ እናቴን ወንበር ሰጣት። ስልክ ግን አላነሳም። ወረቀት አወጣና የወንድሜን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አጻፈኝ። የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየረው። ምን ምን ማወቅ እንደምንፈልግ ጠየቀን። ዋጋውንም ያኔውኑ ነገረን፣ 300 ብር። ከዚያ «አሁን ተኝተዋል፣ በ9 ሰዓት ኑ» አለ።

ሳኦ ፓውሎ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሲል የእነሱም ግድግዳ ላይ 9 ነው የሚለው፣ ለእነሱ ግን ጠዋት ነው። ዘመድ እዚያ ያላችሁ ይህን ያዙ። እኔ ለካ ስደውል የነበረው በሌሊታቸው ነው።

ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ማሽን አነሳ፣ ይሄን ተጫኑ ያን ተጫኑ አለ፣ አለፈው። ከዚያ ነርሷ «ኖሚ ዳ ማይን?» አለች። የእናቱ ስም ማን ነው ማለቷ ነው። እኛ ሰውን በአባትና በአያት እንለያለን። እዚያ መታወቂያ ላይ የእናት ስም አብሮ ይጻፋል፣ ሆስፒታልም በእሱ ያጣራል። ስልኩን ወደ እናቴ አዞረና «እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት» አላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ስሟን ከነአባቷ ጮክ ብላ ተናገረች። ነርሷ እየቆራረጠች ደገመችው። ጥቂት ቆይታ «አሼይ!» አለች። «አገኘሁት» ማለት ነው።

ሞተር ሳይክል ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። ስልኩም እዚያው ደቅቋል። «ሱስ» የብራዚል መንግሥት የጤና አገልግሎት ስም ነው። የውጭ ሀገር ሰውም ቢሆን በነፃ ይታከምበታል። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን ስትለፋ የነበረው ክፍያ እንደሌለበት ልትነግረን ነበር።

እናቴ «እግሩ ይቆረጣል ወይ?» ብላ ጠየቀች። እንዳይጠይቅ በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን እንዳለችው ጠየቀላት። መልሱንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት፦ አይቆረጥም፣ ብረት ገብቶለታል፣ ለመራመድ ግን ወራት ይፈልጋል። አለቀሰች፣ ግን እንደ ሌሊቱ አልነበረም። «ክፉ አይንካህ ልጄ» አለችው። እኔ ይሄን ሰው የምጠቁማችሁ ከሁሉም በላይ ለዚህች ነው።

የዚያ ጎደሎ ቁጥር ምስጢርም ተፈታ። ብራዚሎች ስልክ ቁጥር ሲናገሩ 6ን «ሜያ» ይሉታል፣ ግማሽ ማለት ነው፣ ግማሽ ደርዘን እንደማለት። «ትሬይስ» እና «ሴይስ»፣ ሦስትና ስድስት፣ በስልክ ስለሚመሳሰሉ ነው። የቀድሞው ሰው «ሜያ»ን ዘሎት ኖሯል። ስምንት አሃዝ መሆን የነበረበት ሰባት ሆኖ ቀረ።

ከሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የዋትስአፕ ቁጥር ተቀበለልን። ብቻችንን ብንደውል እንድናነበው ደግሞ በግዕዝ ፊደል ጻፈልን፦ «ቦን ጂያ። ኤው ናውን ፋሉ ፖርቱጌስ። ኡን ሞሜንቱ፣ ፖር ፋቮር።» ደህና አደሩ፣ ፖርቱጋልኛ አልናገርም፣ አንድ አፍታ እባክዎ። ወረቀቷ ፍሪጅ ላይ ተለጥፋለች። እናቴ በቃሏ ይዛዋለች።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይቶ የተቀበለን ያንኑ 300 ብር ነው። ጨምሬ ብሰጠው በግድ መለሰልኝ። ስትሄዱ ከጠዋት ይልቅ ከሰዓት ይሻላል። የዘመዳችሁን ሙሉ ስምና የእናቱን ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ የሞባይል ካርድም ሙሉ።

ወንድሜ አሁን በክራንች ይንቀሳቀሳል። ማክሰኞ በ9 ሰዓት ሐኪሙን ልናናግር እዚያው ሱቅ ቀጠሮ አለን። እናቴ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አስቀምጣለች።