«ብዙዎች የመረጡት» የሚለው ካርድ፦ በጅማ ስለሚገኝ አንድ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር

በጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ፣ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ሱቆች ከተደረደሩበት መስመር ላይ፣ በሩ ጠባብ ውስጡ ግን ወደ ኋላ ረዝሞ የሚሄድ አንድ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር አለ። ላለፉት ሦስት ወራት በየሳምንቱ እየተመላለስሁ መጽሐፍ ገዝቼበታለሁ፣ ተከራይቼበታለሁ፣ በስተኋላ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬም አንብቤበታለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ነው፤ ወቀሳዬም ቤቱን ለመጉዳት ሳይሆን እዚያ የተነሣብኝን ጥያቄ በቅጡ ለማየት ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው ክርስቲያን የሚያምነው ነገር፣ አብዛኛው ስላመነበት ብቻ እውነት ይሆናልን የሚል ነው።

አስቀድሜ ስለ መደብሩ ልናገር። በግራ በኩል ያለው መደርደሪያ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ገድላት፣ ድርሳናትና የጸሎት መጻሕፍት የሞሉበት ሲሆን ከሥሩ ጧፍና ዕጣን ይሸጣል። በቀኝ በኩል የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጽሑፎች፣ ከእነርሱም ቀጥሎ ጥቂት የካቶሊክ መጻሕፍት አሉ። 81 መጻሕፍትን የያዘውን መጽሐፍ ቅዱስና 66 ብቻ የያዘውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማመሳከር የሚቻልበት ሌላ ሱቅ በከተማችን አላየሁም። ኪራዩ ለአንድ ሳምንት 20 ብር ነው፤ ለመያዣ የመጽሐፉ ግማሽ ዋጋ ይቀመጣል፣ መጽሐፉ ሲመለስም ሳይጓደል ይሰጣል። የመደብሩ ባለቤት መጽሐፍ ስትረከብ ገጾቹን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ታንሸራትታለች፤ የተላቀቀ ገጽ ካገኘች ደንበኛውን ሳትቆጣ ወደ ጎን ታስቀምጠውና ማታ በሙጫና በስስ ጨርቅ ጀርባውን ትጠግነዋለች። በዚህ እጅ የተጠገነ አንድ የቆየ መዝሙረ ዳዊት ተከራይቼ ነበር፤ ስፌቱ ከአዲሶቹ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ያለው በመግቢያው ፊት ለፊት፣ ዓይን በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ያለው መደርደሪያ በቀይ እስክሪብቶ «ብዙዎች የመረጡት» የሚል ካርድ ተለጥፎበታል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጥንት ጉባኤያት የሚያስረዳ መጽሐፍ ብጠይቅ ባለቤቷ ከዚህ መደርደሪያ አንድ ትንሽ ጥራዝ አንሥታ «መምህር፣ ይህን ይውሰዱ፤ እንደዚህ የሚወሰድ የለም» አለችኝ። ውስጡ ምን እንደሚል ብጠይቃት «ይህን ያህል ሰው ተሳስቶ ይገዛዋል?» ብላ መለሰችልኝ። ንግግሯ የቅንነት ነበር። ቤት ወስጄ ሳነብበው ግን የጥራዙም ሐሳብ ይኸው የእርሷ መልስ ሆኖ አገኘሁት።

ጥራዙ 72 ገጽ አለው፣ ዋጋው 150 ብር ነው። ሽፋኑ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ግን ከመሳሳቱ የተነሣ የጀርባው ፊደል ወደ ፊት ያሳያል። አማርኛው የጠራና የሚነበብ ነው፣ ይህን መካድ አይገባም። ክርክሩ በአጭሩ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለማይጥል በዓለም ዙሪያ አብዛኛው ክርስቲያን የተስማማበት ነገር የእግዚአብሔር እውነት ነው፣ ከዚያ የተለየውም የሳተ ነው የሚል ነው። ለዚህ ዋና ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበውም ከኒቅያ ጉባኤ በኋላ ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ቃል ተስማማ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ጥራዙ የሚወድቀው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በትውፊታችን 318 ሊቃውንት የተሰበሰቡበት የኒቅያ ጉባኤ፣ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን ያወገዘው በ325 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዐሥርት ዓመታት ግን ስምምነት አልነበረም። ለኒቅያ ሃይማኖት የተጋደለው ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ መንበር ከ328 እስከ 373 ሲቀመጥ አምስት ጊዜ ተሰድዷል፤ ከ45ቱ ዓመታት 17 የሚያህሉትን ያሳለፈው ከመንበሩ ውጭ ነው። በ359 በጣልያን አገር ሪሚኒ በተባለች ከተማ ከ400 የሚበልጡ ኤጲስ ቆጶሳት ተሰበሰቡ፤ አብዛኞቹ መጀመሪያ የኒቅያን ሃይማኖት ቢደግፉም፣ በታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ በንጉሠ ነገሥቱ በቆስጠንጢዎስ ግፊት የኒቅያን ቁልፍ ቃል ያስቀረ የእምነት መግለጫ ፈርመው ተበተኑ። ይህም በቁጥር ሲታይ ከኒቅያ የሚበልጥ ጉባኤ ነበር። ዛሬ በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖትን ስንደግም «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»፣ ማለትም በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ፣ የምንለው ቃል በዚያ ዓመት የፊርማ ቆጠራ የተሸነፈ ቃል ነው።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ይኸው ቆስጠንጢዎስ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ ደብዳቤው በራሱ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ለእኛ ደርሷል። የደብዳቤው ሐሳብ፣ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ አትናቴዎስ ከተባረረ በኋላ በእስክንድርያ መንበር በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደ ግብፅ ላኩት የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጎኑ የቆሙ ብዙ ጳጳሳት ነበሩት፣ ሠራዊትም ነበረው። በትውፊታችን አባ ሰላማ ከነሃይማኖታቸው በመንበራቸው ጸንተዋል። ይህን ደብዳቤ ባነበብሁ ቁጥር፣ በዚያን ዘመን አክሱም የብዙኃኑን ድምፅ ብትከተል ኖሮ ዛሬ በጅማ አብያተ ክርስቲያናት ምን ይሰበክ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ስለ ብዙኃን እምነት 72 ገጽ የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ ሳያነሣ ማለፉ ከባድ ጉድለት ነው።

ወደ ዛሬው ቁጥር ስንመጣም ጥራዙ የሚያድነው ወገን የለም። በዓለም ላይ ካሉት ክርስቲያኖች ግማሽ ያህሉ ካቶሊኮች ናቸው፤ የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክሶች ተደምረው ከስምንት ሰው አንድ ያህል ቢሆኑ ነው። ስለዚህ በቁጥር ይፈረድ ከተባለ በግራ መደርደሪያ ያለው የእኔ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍም፣ በቀኝ ያለው የወንጌላውያኑም ዳኝነቱን ያጣሉ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይወጣሉ፤ ከእኛና ከጥቂቶች በቀር የሚቆጥራቸው የለምና። በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገር ደረጃ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ ሆኖ ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ነበረው፤ በዚያው ቆጠራ በጅማ ዞን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነበር። እውነት የዞን ድንበር ስናቋርጥ ትለወጣለች የሚል ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። ጥራዙ ለዚህ «ክርስቲያኑን ብቻ እንቁጠር» ይል ይሆናል። ታዲያ አርዮሳውያኑን እንቁጠራቸው ወይስ እንተዋቸው? ማን በትክክል ክርስቲያን እንደሆነ ለመለየት ትክክለኛውን ሃይማኖት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ቆጠራው ምን ይጨምራል?

ለጥራዙ ግን ፍርድ ማጓደል አልፈልግም፤ ከገጽ 40 በኋላ ያለው ክፍል ጠንካራ ነው። በ434 በደቡብ ጋሊያ፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ የነበረው መነኩሴ ቪንሰንት ዘሌራን፣ በየስፍራው፣ ሁልጊዜና በሁሉም ዘንድ የታመነውን እንድንይዝ ያስተማረውን ያነሣል፤ የገሃነም ደጆች ቤተ ክርስቲያንን እንደማይችሏት የተሰጠውንም የጌታ ቃል ይጠቅሳል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። እኔ ብቻዬን አንድን ጥቅስ ከአባቶች ሁሉ በተለየ መንገድ ብተረጉም አስቀድሜ ልጠራጠር የሚገባኝ ራሴን ነው። የብዙ ዘመን የብዙ ሰው ስምምነት ትልቅ ምስክር ነውና በችሎት ሊሰማ ይገባዋል። ሆኖም ቪንሰንት ራሱ ስሕተት ብዙ ቦታ በተስፋፋ ጊዜ ወደ ጥንቱ ትምህርት ተመለሱ ብሎ አስተምሯል፤ ለዚህም የጠቀሰው ምሳሌ የአርዮሳውያኑ ዘመን ነው። ጥራዙ የፊቱን ወስዶ የኋላውን ትቶታል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። በቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 22 ላይ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ወደ ገለዓድ ሬማት ልዝመት ብሎ ሲጠይቅ 400 ያህል ነቢያት በአንድ አፍ ዝመት አሉት፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ሌላ ተናገረ፣ የሆነውም እርሱ ያለው ነው። በዘፀአት ምዕራፍ 23 ሕጉ ለክፋት ብዙ ሰዎችን አትከተል ይላል። የእኛን ቤት ታሪክ ያየ ሰው ደግሞ የመነኩሴውን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ያስታውሳል፤ የቀዳሚት ሰንበትን ስላከበሩ ክህነት ተከልክለው፣ ተለይተው ለብዙ ዘመን ኖሩ፣ አባታቸውም በ1352 በአርመን አገር በስደት ዐረፉ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በ1450፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የእነርሱ ሥርዓት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ሆነ። በ451 በኬልቄዶን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጳጳሳት በተሰበሰቡበት ጉባኤ ተፈርዶበት የተሰደደው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስም በእኛ ዘንድ ቅዱስ ነው። እኛ የተዋሕዶ ልጆች ለጎረቤቶቻችን «እኛ እንበዛለን» ብለን ስንመልስ፣ የራሳችንን አባቶች ተከራካሪዎች ቃል እየተዋስን መሆናችንን ልብ ብንል ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ስለነበር መደብሩ ተጨናንቆ ሳለ፣ ለባለቤቷ ነገርኋት። አጠገባችን ለልጁ የጸሎት መጽሐፍ ሊገዛ የመጣ የቡና ነጋዴ ቆሞ ይሰማ ነበርና «ጋሼ፣ በእኛ ሥራ ጀንፈሉን የሚገዛ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ጣዕሙን ግን የሚያውቀው የቀመሰው ነው» አለኝ። ባለቤቷ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ካርዱን ላንሣው ነው የሚሉት?» አለችኝ። ከጎኗ ቆማ ጧፍ የምትቋጥረው ልጅ የምትጠራት እትዬ ብላ ስለሆነ እኔም «እትዬ፣ የሚሸጠውን አትደብቂ፣ ነገር ግን የሚለውንም ጻፊበት» አልኋት።

በተረፈ ወደ መደብሩ ለሚሄዱ ሰዎች የምለው ይህ ነው። ኪራዩ ርካሽ፣ አያያዙም ታማኝ ነው። የኋለኛው ክፍል ብርሃን ስለሚያንሰው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ አንድ አምፖል ቢጨመርበት ሌላ እንከን የለውም። ሐሙስ ቀን አግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ አይገኝም፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ግን ሰፊ ነው። ጥራዙን 150 ብር አውጥቶ መግዛት አያስፈልግም፤ ተከራይቶ ከገጽ 40 በኋላ ያለውን ማንበብ ይበቃል። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ቀዩ ካርድ በቦታው ነበር፤ በሦስት መጻሕፍት ላይ ግን በእርሳስ የተጻፉ ቁራጭ ወረቀቶች ተጣብቀው አይቻለሁ። በጥራዙ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «የብዙ ሰው እምነት እውነት ነው ይላል። ስለ አትናቴዎስ ለማንበብ ከኋላ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ።»