ብረት ለምትገዙ ጀማሪዎች፦ ፍንጣሪውን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ

ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) እየተማራችሁ የመጀመሪያ የእጅ መሣሪያችሁን ለመሥራት ያሰባችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ልጆች፣ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት የደረሰብኝን ስሙ።

ሴንተር ፓንች ልሠራ ነበር፤ መሰርሰሪያ ከቦታው እንዳይንሸራተት ብረት ላይ ነጥብ የምንመታበትን ሹል መሣሪያ። ሻጩ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ አወጣና «ወንድሜ፣ ዋናው የመሣሪያ ብረት ይህ ነው፤ ዕድሜ ልክህን አይዶለዱምም» አለኝ። ጫፉ ቀይ ተቀብቷል። ማግኔት አስጠግቶ ጥብቅ ሲልለት «አየህ?» አለ። አመንኩትና የተራውን ዘንግ ሦስት እጥፍ ከፈልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ደከምኩበት። አካሉን በቶርኖ አቀጠንኩ፣ ጫፉን በ90 ዲግሪ አሾልኩ፣ እጅ እንዳያዳልጥ መያዣውን አሻከርኩ፣ በከሰል እሳት አግዬ ነከርኩት። የመጀመሪያዋ የመዶሻ ምት ስታርፍበት ጫፉ እንደ ምስማር ራስ ተጠፈጠፈ።

ሥራ የሚያስተምሩኝ ጋሼ ቁራጩን ግራይንደር ላይ አስነኩት። ፍንጣሪው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ እምብዛም አይበተንም። አሮጌ ሞረድ ሲያስነኩ ግን ቅርንጫፍ እያወጣ እንደ አደይ ፈካ። ልዩነቱ ካርቦን ነው። ለስላሳው ተራ ብረት ከ0.25 በመቶ ያነሰ ካርቦን ስላለው የቱንም ያህል ቢግል፣ ቢነከር አይጠነክርም፤ እንዲህ ላለው መሣሪያ 0.6 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ማግኔት ሁለቱንም ይስባል። ቀለምማ ማንም ይቀባዋል።

ይዤው ስመለስ «ከተቆረጠ በኋላ አንቀበልም» ተባልኩ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ፣ ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም ብዬ ልተወው ነበር።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የጣት ያህል ቁራጭ ጠይቁ፤ እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ፍንጣሪውን ከአሮጌ ሞረድ ፍንጣሪ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ አግሉት፤ ማግኔት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ሲቀዘቅዝ በሞረድ ሞክሩት፤ ከነከሰው ይቅርባችሁ፣ እንደ መስታወት ካንሸራተተው ግዙት። ስትሠሩበትም፣ ከተነከረ በኋላ የገለባ ቀለም እስኪይዝ መልሳችሁ ሳታሞቁ በመዶሻ አትምቱት፤ ፍንካቹ ዓይን ያጠፋል።

በጣርማ በር ዳገት ከሚመላለሱት ከባድ መኪኖች የሚወጣ ስባሪ ባሌስትራ (ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ጠፍጣፋ ሞላ) ጋራዦች ውስጥ በርካሽ ይገኛል። እኔም ከእሱ አንድ ቁራጭ አግዬ፣ እንዲለሰልስ ሌሊቱን አመድ ውስጥ ቀብሬ፣ ሌላ ሴንተር ፓንች አወጣሁበት። ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ጫፉ እንደሾለ ነው።