«ማኛ ያልንሽ ዋጋውን ነው»፦ አዳማ ላይ ጤፍ ለምትገዙ

ዛሬ ሐሙስ ጠዋት እዚሁ አዳማ፣ ገበያው አካባቢ ካለ አንድ የእህል መሸጫ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዛሁ። ይህን የምጽፈው ወደ ቤት ከገባሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነውና ንግግሬ ቢከርር አትፍረዱብኝ።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። የጆንያውን አፍ ወደ ውጭ ገልብጦ፣ በጣሳ ጨልፎ መዳፋችሁ ላይ ያፈስና «እፍ ይበሉበት» ይላል። «እትዬ፣ ይህ የአድዓ ማኛ ነው፤ ቁንጮ ነው፤ ተበጥሯል፤ ለውጭ የሚሄደው ዓይነት ነው፤ ነገ ቢመጡ አያገኙትም» አለኝ። መዳፌ ላይ ያለው እንደ ወተት ነጭ ስለነበረ ሁሉንም አመንሁ። ማኛና ቁንጮ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን፣ ቁንጮ የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ማኛን ብዙ ምርት ከሚሰጥ ሌላ ዝርያ ጋር አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ያወጡት መሆኑን የእርሻ ባለሙያው ወንድሜ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ የተከለከለውም በዚያው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ክልከላው ኋላ ጥቂት ቢላላ እንኳ፣ ለውጭ የተዘጋጀ እህል በዚያ ደሳሳ ቤት ምን ይሠራል? ቁንጮ ሲለኝ ዝርያውን ይሁን የሁሉ በላይ ነው ማለቱ እንኳ አልጠየቅሁም። ለነዚያ ቃላት ከሰርገኛው ዋጋ 2,000 ብር አስበልጬ ከፈልሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ «ተበጥሯል» የሚለውን ማመኔ ነው። የልጄ ምርቃት እሑድ ስለሆነና ሊጡ ቀን ስለሚፈልግ፣ ጆንያውን በጋሪ አስጭኜ ሳላስበጥር በቀጥታ ወፍጮ ቤት ወሰድሁት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢ ውስጥ ሸራ አንጥፌ እስከ ታች ዘርግፌ አየው ነበር። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው እንደኔ ላለችው ነው፤ የእኔው ሰርገኛ ግን የመጣው በጆንያ ውስጥ ሆኖ ነው።

ፈጪው ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ወፍጮው አፍ ሲገለብጠው አጠገቡ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የወረደው ያው መዳፌ ላይ ያየሁት ነጭ ጤፍ ነው፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ አጠገቤ ተራ ለምትጠብቀው ሴት «ማኛ ነው» ብዬ ነገርኋት። ጥቂት ቆይቶ የሚወርደው እህል መልኩ ተለወጠ። መጀመሪያ ጥላ ያረፈበት መሰለኝ፤ ከዚያ ነጩ እየሳሳ፣ ቡናማው እየበዛ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከጆንያው ሥር የወጣው ቀይና ነጭ የተዘበራረቀ፣ ገለባና ደቃቅ አሸዋ ያለበት ነበር። ፈጪው ጆንያውን ቀና አድርጎ ያዘና «እትዬ፣ ሁለት ዓይነት እህል ነው እንዴ የቀላቀሉት?» ሲል ጠየቀኝ። ማኛ ነው ያልኋት ሴትዮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው የራሴ ድምፅ ነው።

የቀረውን እፍኝ በፌስታል ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስሁ። ጠዋት «እርስዎ» ነበርሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ግማሹ ሰርገኛ መሆኑን ስነግረው፣ «ሰርገኛ ጤፍ አይደለም እንዴ? አሁን ተፈላጊው እንዲያውም እሱ ነው፤ ሐኪም የሚያዝዘው እሱን ነው» ሲል መለሰልኝ። እኔ ሰርገኛን አልንቅም፤ ቤቴ በአዘቦት ቀን የሚጋገረው እሱ ነው፤ በሰርገኛ ዋጋ ቢሸጥልኝ ምርቃቱንም በእሱ እደግስ ነበር። ተፈላጊው እሱ ከሆነ ለምን 2,000 ብር እንደረከሰ ስጠይቀው ግን፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡት ተሸካሚዎች እየሰሙ፣ «ማኛ ያልንሽ ዋጋውን ነው እንጂ እህሉን አይደለም፤ ደግሞም ወፍጮ የነካው እህል አይመለስም» አለኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ደረሰኙን አውጥቼ ዘረጋሁለት። እሱም በጣቱ አንዱን መስመር አሳየኝ፤ «ጤፍ፣ 1 ኩንታል» ይላል። ማኛ የለም፤ ቁንጮም የለም። ጠዋት ስቀበለው አላነበብሁትም ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ጆንያውን እስከ ሥሩ አስዘርግፉ፤ የነገሯችሁን ስም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ አልጽፍም ካለ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ዱቄቱ ቡናማ ሆኖ ማድ ቤት ተቀምጧል። ሌላ የምገዛበት ገንዘብ ስለሌለኝ ዛሬ ማታ እሱኑ አቦካለሁ።