ሂካሪ ወይስ ኮዳማ? ከቶኪዮ ኦሳካ እ.ኤ.አ. በ1964

መስከረም 21 ቀን 1957 (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1፣ 1964) ሺንካንሰን የተባለው የጃፓን እጅግ ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። ከ20 ቀን በኋላ የእኛው አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ማራቶንን ዳግም አሸነፈ። እንዴት ያለ ዓመት ነው!

ለመሆኑ ያኔ ከሁለቱ የሺንካንሰን ዓይነቶች፣ ከሂካሪና ከኮዳማ፣ በየትኛው መሳፈር ይሻል ነበር?

ጊዜ፦ ሂካሪ 4 ሰዓት፣ ኮዳማ 5 ሰዓት። የድሮው ፈጣን ባቡር ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ ስለነበር ኮዳማም ቢሆን ትልቅ እፎይታ ነበር።

ማቆሚያ፦ ሂካሪ መንገድ ላይ የሚቆመው ናጎያና ኪዮቶ ብቻ ነበር። ኮዳማ ሳይቆም የሚያልፈው ጣቢያ አልነበረም።

ዋጋ፦ ሂካሪ ወደድ ይል ነበር።

ባቡሩም ሐዲዱም ግን አንድ ነበር፤ ሁለቱም በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ይከንፉ ነበር።

ኦሳካ ቀጠሮ ላለው ሂካሪ ይሻለው ነበር። መንገድ ላይ ባለችው አታሚ በምትባል ከተማ ወርዶ ፍል ውሃ መታጠብ ለሚፈልግ ደግሞ ኮዳማ ነበር የሚያዋጣው፤ ሂካሪ እዚያ አይቆምም ነበር።