ደሴ ፒያሳ፣ አሮጌው ቤት ውስጥ የተከፈተው ቡቲክ

ፒያሳ አካባቢ ተዘግቶ የኖረው ባለ ፎቅ የድሮ ቤት ታድሶ የልብስ ቡቲክ ሆኗል። ልብስ ሰፊ ነኝና ሱቅ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ስፌት ላይ ነው። እዚህ ግን ቤቱ ያዘኝ።

ያደሱት ሰዎች እጃቸው ይባረክ! የጣውላው ወለል አልተነቀለም፤ የበሰበሰው ብቻ ተለውጧል። ግድግዳውን በሲሚንቶ አልለሰኑትም፤ ጭድ ባለው ጭቃ መርገው ኖራ ቀብተውታል። የጭቃ ግድግዳ ሲሚንቶ ከለበሰ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይበላዋል፤ በደሴ ጉምና ክረምት ደግሞ ብዙም አይቆይ።

እንግዳ ሲመጣ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እናሳያለን፤ ተራው መኖሪያ ቤት ግን ተቆርቋሪ የለውም። ከተማዋ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ቦምብ ተደብድባለች። በ2014ቱ ጦርነት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየማችን ተዘርፏል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ እኛው ለመስታወት ሕንፃ ስንል እናፈርሳለን። ገቢ የሚያስገባ ቤት ለማፍረስ ግን ማንም አይቸኩልም፤ ይህ ሱቅ እንዲቀናው የምመኘው ለዚሁ ነው።

ምድር ቤት ያለው ጂንስና ጃኬት የትም የሚገኝ ነው። ፎቁ ላይ የፈትል ቀሚሶች አሉ። አንዱን ገልብጬ አየሁት። ጥለቱ ጎንና ጎን መጋጠሚያው ላይ ሳይዛነፍ ተገናኝቷል፣ ጠርዙ በእጅ ተቀምቅሟል፣ ገበሩም ስስ ጥጥ ነው እንጂ ገላ ላይ የሚጣበቀው ፖሊስተር አይደለም። ሻጯ ልጅ ሳልጠይቃት ወደ መስኮቱ ወሰደችልኝና «በብርሃን ይዩት እትዬ» አለች። ሥራውን የሚያምን ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

መታረም ያለበትም አለ። ነጫጭ ቀሚሶቹ ግድግዳውን ተጠግተው ስለተሰቀሉ የአንዱ ትከሻ ላይ የኖራ ዱቄት አገኘሁ፤ ክረምት ሲገባ ሻጋታ ይከተላል። ሳሳያት «አብሽሩ እትዬ፣ ማንጠልጠያውን እናርቀዋለን» አለችኝ። ስንዝር ያህል ቢርቅ ይበቃል። መለኪያ ክፍሉ ደረጃው ሥር ነው፤ ጨለማ ስለሆነ ነጭና ክሬም አይለይበትም። ዋጋም ልብሱ ላይ ይጻፍ፤ ጠይቆ ከመሳቀቅ አይቶ መወሰን ይሻላል። ደረጃው ቀጥ ያለ ነውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ከታች ሆነው ይዘዙ፣ ልጆቹ ያወርዱላቸዋል።

ለእህቴ ልጅ ለመልሷ አንድ ቀሚስ ገዛሁ። ረዘም ይላት ስለነበር ማሳጠሩን ለእነሱው ተውኩት፣ እጃቸውን ላይ ብዬ። ታች ያለውን ጥለት ሳይነኩ ከወገቡ ነው ያሳጠሩት፤ ፈትል የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለማሳጠሪያውም አላስከፈሉኝም።