ባለ አድራሻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

በአዲስ አበባ የማስተዳድረው ባለ 4 ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ባለ አድራሻ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ካስገባ 14 ወራት ተቆጥረዋል። የቀድሞው ፓናል (የሥርዓቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን) የሚያሳየው የዞን ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ «ዞን 3» ባለ ቁጥር የጥበቃ ሠራተኛው የአንድ ፎቅ በሮችን በሙሉ ማንኳኳት ነበረበት። በአዲሱ ሥርዓት ግን ከፓናሉ ወጥቶ ወደ ፓናሉ በሚመለስ ባለ ሁለት ሽቦ ሉፕ ላይ 68 መሣሪያዎች ተገናኝተዋል፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

በእኛ ሞዴል ቁጥሩ የሚሰጠው በጠቋሚው (ጭስ ወይም ሙቀት በሚለየው መሣሪያ) ጀርባ ባሉት 7 ጥቃቅን ዲፕ ስዊቾች ነው። ስዊቾቹ በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64ን ስለሚወክሉ፣ ለምሳሌ 37ን ለመስጠት የ32ን፣ የ4ንና የ1ን ማብራት በቂ ነው። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ከያዙ ፓናሉ ወዲያው ያሳውቃል፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቦታው ከተሳሳተ ግን ፓናሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህን የተረዳሁት በ5ኛው ወር ነው። በአጠገባችን የሚሠራው ሕንፃ አቧራ ስላስቸገረን የ2ኛ ፎቅ ጠቋሚዎች ወርደው ተጠርገው ነበር፤ ያወረዳቸው ሠራተኛ ሁሉንም በአንድ ባልዲ ሰብስቦ ሲመልሳቸው እጁ የገባለትን እየሰካ ሄዷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት ደወሉ ጮኸ፣ ፓናሉም 204 ቁጥር ክፍልን አሳየ። የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ ሲደርስ በ204 የተኛ እንግዳ እንጂ ጭስ የለም። «ጋሼ፣ ፓናሉ 204 ይላል፤ ቀይ መብራቱ የበራው ግን 207 በር ላይ ነው» ብሎ ደወለልኝ። በ207 የሻወር በር ተከፍቶ ቀርቶ እንፋሎቱ ክፍሉን ሞልቶት ኖሯል። አድራሻው ከጠቋሚው ጋር ሲዘዋወር፣ በየበሩ አናት ያለው አመልካች መብራት ግን በኮርኒሱ ላይ ከቀረው ቤዝ (ጠቋሚው ከሚሰካበት መቀመጫ) ጋር የተያያዘ በመሆኑ እውነቱን የተናገረው እሱ ነበር። አድራሻው በቤዙ ላይ የሚቀር ሞዴል እንዳለ ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ ዛሬ ብገዛ እሱን እመርጥ ነበር።

ስገዛ እንደ ትርፍ ወጪ የቆጠርኳቸው እነዚያ አመልካቾች ከሥርዓቱ ሁሉ ይበልጥ የጠቀሙን ሆነዋል። ሆኖም የአመልካቹ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ አይበራም፤ ፓናሉም ብልሽት ብሎ አይመዘግበውም። በርክክቡ ዕለት የፈተንነው በናሙና ስለነበር፣ ሁለት በሮች ላይ የነበረው የተገላበጠ ሽቦ የታወቀው እያንዳንዱን ጠቋሚ በሙከራ ጭስ ስንፈትን ነው።

ትልቁ ፈተና ቡናው ነበር። ሎቢው ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት ቡና ይቆላል፣ እጣንም ይጨሳል፤ ጭስን በብርሃን በሚለየው ኦፕቲካል ጠቋሚ ዓይን ደግሞ የእጣን ጭስና የእሳት ጭስ ልዩነት የላቸውም። በመጀመሪያ የጠቋሚውን ስሜታዊነት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ብናወርደውም ደወሉ አልቀረልንም። መፍትሔ የሆነው ጭስንም ሙቀትንም በሚለካ ጠቋሚ መተካትና፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት በሙቀት ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚያ ውጭ ግን ወደ ሙሉ ጥበቃው እንዲመለስ በፓናሉ ሰዓት ማዋቀር ነው። በመኝታ ክፍል ይህን ማድረግ አይገባም። እንጀራ በሚጋገርበት ወጥ ቤት ከመጀመሪያውም የሙቀት ጠቋሚ ስለተሰቀለ አንድም የሐሰት ደወል አልመጣም።

ጥበቃው መጀመሪያ ቦታውን እንዲያጣራ፣ ከጠቋሚ ደወል በኋላ ሳይረኑ 3 ደቂቃ እንዲዘገይ አድርገናል፤ የአውሮፓው የእሳት ማስጠንቀቂያ ፓናሎች ደረጃ ኢኤን 54-2 ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈቅድም። በእጅ የሚጫኑት ቀያይ ሳጥኖች ግን ያለ አንዳች መዘግየት እንዲያስጮኹ ተዋቅረዋል።

የፓናሉ ስክሪን ፊደላችንን አያውቅም። የክፍሎቹን ስም በላቲን ፊደል ጽፈን፣ የየፎቁን ንድፍ ከነአድራሻዎቹ በአማርኛ አትመን ከፓናሉ ጎን ለጥፈናል። ባለሙያው ትቶልን የሄደው «ዲቴክተር 012» የሚል ዓይነት ስም ነበርና፣ ሁሉንም ለመቀየር ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ሉፑ አንድ ጊዜ ተቆርጧል። የቧንቧ ሠራተኛ ኮርኒስ ውስጥ ሽቦውን ሲበጥሰው ፓናሉ ብልሽቱ በ41 እና በ42 መካከል እንደሆነ ጠቆመ፤ መሣሪያዎቹ ግን ከሁለቱም ጫፍ ኃይል ስለሚያገኙ አንዳቸውም አልጠፉም።

የተከፋሁት በአንድ ነገር ነው። ሥርዓቱን የተከለልን ድርጅት የማዋቀሪያውን የይለፍ ቃልና ፋይል ለራሱ ይዞ፣ አንዲት የክፍል ስም ለመቀየር እንኳ የጉዞ ሒሳብ ያስከፍለን ነበር። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ሁለቱንም አስረክቦናል፤ ፋይሉ አሁን በፍላሽ ተገልብጦ ከክፍሎቹ መጠባበቂያ ቁልፎች ጋር በካዝና ተቀምጧል።