የአፈር ትንፋሽ መለኪያ፦ ጋዙ ላይ ጎበዝ፣ ሙቀቱ ላይ ደካማ

ይህችን በእጅ የምትያዝ የአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ለመስክ ሥራ ስጠቀምባት ሰንብቻለሁ። አሠራሯ ቀላል ነው፤ የፕላስቲክ ቀለበቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፣ ክዳኑ ይገጠምበታል፣ የኢንፍራሬድ ሴንሰሩ ደግሞ በታፈነው አየር ውስጥ ጋዙ በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ይከታተላል። ከ420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 420ው) አካባቢ ተነስቶ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ይታያል። በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁባትም። የክዳኑ ጎማ አያሾልክም፣ ባትሪዋም አያሳፍርም።

ቅሬታዬ ሙቀቱ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩን የሰኩት ክዳኑ ውስጥ ነው! ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ የክዳኑ አየር ቶሎ ይግላል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ታች ያለው አፈር ግን ገና እንደቀዘቀዘ ነው። ጋዙን የሚያወጡት ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉት ደግሞ ታች ነው። በዚያ ንባብ ግራፍ ከሠራችሁ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ልቀት ታያላችሁ። አፈር ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ለብቻ መግዛት ግድ ነው።

የባሰው ሶፍትዌሩ ነው። ውጤቱን ወደ አንድ ሙቀት ሲያስተካክል፣ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየሱ ልቀቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ ይነሳል። እጥፍ የሚለው ያለ መሠረት የመጣ አይደለም፣ ብዙ አፈር እዚያ አካባቢ ይውላል። ነገር ግን አፈሩ ከደረቀ ሙቀት ብቻውን ምን ይፈይዳል? ውሃ ከሌለ ምግቡ ሟምቶ ተሕዋስያኑ ዘንድ አይደርስም። ውሃ ከተኛበት ደግሞ ኦክስጅን ያጥራል፣ ልቀቱም ይወርዳል። ደርቆ የከረመ አፈር ሲርስ የሚሆነው ግን ለብቻው ነው፤ ልቀቱ በድንገት ያሻቅባል፤ ተመራማሪው በርች በ1958 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት ክስተቱ በስሙ «የበርች ውጤት» ተብሎ ይጠራል። እኔም ደረቅ መሬት ላይ ውሃ አርከፍክፌ ክዳኑን ገጠምኩ። መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ፤ አፈሩ እኮ ቀዝቀዝ ነው ያለው! ሶፍትዌሩ ስለ እርጥበት የሚጠይቅበት ቦታ እንኳ የለውም።

ማኑዋሉ ቀለበቱን ቀብሮ ወዲያው መለካት ይቻላል ይላል። አትስሙት። አፈሩ ሲረበሽ የታፈነው ጋዝ ስለሚወጣ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት። ቀለበቱ ከመሬት በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረም በየጊዜው ለኩ፣ የአየሩ መጠን ከተሳሳተ ስሌቱ አብሮ ይሳሳታል።

ሦስት ኮከብ። ሦስተኛው ጥሬ መረጃውን ሳትሸፍን ስለምትሰጥ ነው፤ ማስተካከያውን አጥፍቼ ስሌቱን ራሴ እሠራለሁ።